ትንሹን ነገር አንናቅ

የትምህርቱ ንባብ፦ 2ኛ ነገሥት 5፥1–14
ተጨማሪ ንባብ፦ ዘዳግም 23፥12–14፤ 1ኛ ነገሥት 19፥4–8፤ ኤርምያስ 29፥4–10



እዚህ ካምፕ ውስጥ ሁላችንም የምንናገራት አንዲት ቃል አለች፤ «ፕሮሰሴ ሲያልቅ» የምትል። ፕሮሰሴ ሲያልቅ ጥርሴን እታከማለሁ። ፕሮሰሴ ሲያልቅ ስኳር እቀንሳለሁ። ፕሮሰሴ ሲያልቅ በጊዜ እተኛለሁ፣ ስፖርትም እጀምራለሁ። አንዳንዳችን ይህን ማለት ከጀመርን ሁለት ዓመት፣ አንዳንዳችን አሥር፣ አንዳንዳችንም ከዚያ በላይ ሆኖናል። ካኩማ የተከፈተው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው። እዚሁ ተወልደው እዚሁ ልጅ የወለዱ ሰዎች በመካከላችን አሉ።

ፕሮሰሱ ሊቆም ይችላል። ሰውነታችን ግን ቆሞ አይጠብቀንም። ዛሬ የጠጣነው ውኃ፣ ዛሬ ሌሊት ያጣነው እንቅልፍ፣ ዛሬ ሳንታጠብ የበላንበት እጅ ሥራውን የሚሠራው ዛሬውኑ ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ትምህርታችን ስለ ጤና እንነጋገራለን። የምናነሣቸው ነገሮች በጣም ትንንሽ ናቸው፤ ችግሩም ይኸው ነው። ትንሽ ስለሆኑ እንንቃቸዋለን።

1. ንዕማን ለምን ተቆጣ?

ንዕማን የሶርያ ንጉሥ የሠራዊት አለቃ ነበረ። የተከበረ፣ ኃያል ሰው ነው፤ ግን ለምጽ ነበረበት። ወደ ኤልሳዕ እንዲሄድ መንገዱን ያሳየችው አንዲት ትንሽ ልጅ ናት። ይህች ልጅ ከእስራኤል ምድር በምርኮ የተወሰደችና በንዕማን ቤት ሚስቱን የምታገለግል ነበረች። ስሟ እንኳ አልተጻፈም። ከአገሯና ከወላጆቿ ተለይታ በሰው አገር የምትኖር ልጅ ናት። ሆኖም «አገሬ ስመለስ መልካም አደርጋለሁ» አላለችም። ባለችበት ቤት፣ በዚያው ቀን፣ የምታውቀውን ተናገረች።

ንዕማን ብርና ወርቅ፣ ሙሉ ልብስም ጭኖ መጣ። ኤልሳዕ ግን ከቤቱ እንኳ አልወጣም። መልእክተኛ ልኮ በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ታጠብ አለው። ንዕማን በጣም ተቆጣ። የጠበቀው ነቢዩ ራሱ ወጥቶ፣ የአምላኩን ስም ጠርቶ፣ እጁን አንሥቶ የሚያደርገውን ትልቅ ነገር ነበር። ደግሞም የደማስቆ ወንዞች አባናና ፋርፋ ከእስራኤል ውኃ ሁሉ ይሻላሉ ብሎ ዞሮ ሄደ።

ያተረፉት አገልጋዮቹ ናቸው። ነቢዩ ከባድ ነገር ቢያዝህ ኖሮ ታደርገው አልነበረምን? ታዲያ ቀላሉን ለምን እምቢ ትላለህ? የሚል ሐሳብ በአክብሮት አቀረቡለት። እርሱም ሰማቸው፣ ወረደ፣ ታጠበ፣ ነጻ።

ንዕማንን የፈወሰው እግዚአብሔር ነው። የዮርዳኖስ ውኃ መድኃኒት አልነበረም፤ በሽታ ሁሉ በመታጠብ ይድናል ብለንም አናስተምርም። ግን የንዕማንን ሁለት ስሕተቶች ልብ እንበል። አንደኛ፣ ትእዛዙ ቀላል ስለሆነ ናቀው። ሁለተኛ፣ ያለበትን ወንዝ ትቶ የአገሩን ወንዝ ተመኘ።

እኛስ? «አገር ቤት ብሆን ጤፍ እበላ ነበር፣ የምንጭ ውኃ እጠጣ ነበር፣ እዚህ አቧራና ሙቀት ውስጥ ምን ጤና አለ?» እንላለን። እውነት ነው፣ አባናና ፋርፋ ጥሩ ወንዞች ነበሩ፤ የአገራችንም ውኃ ጥሩ ነው። ዛሬ ያለነው ግን እዚህ ነው። የምንታጠበውም እዚሁ ባለው ውኃ ነው።

2. እግዚአብሔር ስለ መጸዳጃ ተናገረ

በዘዳግም 23 ላይ እግዚአብሔር ለሕዝቡ ሲወጡና ሲሰፍሩ የሚጠብቁትን ሥርዓት ሰጣቸው። ከሰፈሩ ውጭ ቦታ ይኑራችሁ፣ ከዕቃችሁ ጋር መቆፈሪያ ያዙ፣ ከተጸዳዳችሁ በኋላ ሸፍኑት የሚል ነው። ምክንያቱም ተጽፏል፤ እግዚአብሔር በሰፈሩ መካከል ስለሚመላለስ ሰፈሩ የተቀደሰ መሆን አለበት።

እስቲ አስቡት። እነርሱም እንደ እኛ በድንኳን የሰፈሩ ሰዎች ነበሩ፤ ቋሚ ቤት አልነበራቸውም። ሆኖም እግዚአብሔር «አገራችሁ እስክትገቡ እንደ ፈለጋችሁ ኑሩ» አላላቸውም። በሰፈራቸው ስለሚመላለስ የሰፈራቸው ንጽሕና ግድ ብሎታል። በእኛም ብሎክ ይመላለሳል።

ታዲያ በእኛ ቤት ይህ ምን ይመስላል?

እጅ መታጠብ። ከመጸዳጃ ቤት ስንመለስ፣ የሕፃን ሰገራ ካጸዳን በኋላ፣ ምግብ ከማዘጋጀታችን በፊት፣ ከመብላታችንና ልጅ ከማብላታችን በፊት በሳሙና እንታጠብ። ጣት ለጣት፣ የእጅ ጀርባና ጥፍር ሥር ድረስ፣ 20 ሰከንድ ያህል። ውኃ ብቻ አፍስሶ መጥረግ አይበቃም። ሳሙና ካለቀ ንጹሕ የምድጃ አመድ ከምንም ይሻላል። ውኃ እንዳይባክን ትንሽ ጀሪካን በገመድ አንጠልጥላችሁ፣ ከታች በእግር የሚረገጥ እንጨት ብታስሩለት ሳትነኩት ይቀዳል። ልጆች እንደ ጨዋታ ይወዱታል፤ በዚያውም ይለምዱታል።

ጀሪካን ማጠብ። ቧንቧው ላይ ንጹሕ የነበረ ውኃ ቤት ገብቶ ሊበላሽ ይችላል። ጀሪካኑን በጣት ስትዳስሱት ውስጡ የሚያሙለጨልጭ ከሆነ ቆሽሿል ማለት ነው። ትንንሽ ጠጠርና ጥቂት ውኃ ከሳሙና ጋር አስገብታችሁ በደንብ ናጡት፣ ከዚያ አለቅልቁት። ክዳኑ አይጥፋ። የሚጠጣ ውኃ በማዘንበል ይቀዳ እንጂ ኩባያና እጅ አይጥለቅበት።

ልጅ ሲያስቀምጠው። ተቅማጥ ልጅን የሚገድለው ውኃና ጨው ከሰውነቱ ስለሚያስወጣ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መተካት ነው። ከክሊኒክ የሚሰጠው ኦ.አር.ኤስ. ካለ እርሱን በተጻፈው መጠን በጥብጡ። ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምራችሁ በደንብ አማስሉ። ማንኪያው አይቆለል፤ ጨው ሲበዛ አደገኛ ነው። ቀስ በቀስ፣ በማንኪያ በማንኪያ አጠጡት። ጡት የሚጠባ ልጅ ጡቱን አያቋርጥ። አንዳንድ እናቶች «ሆዱ ይረፍ» ብለው ምግብና ውኃ ይከለክላሉ፤ ይህ ልጁን ይጎዳዋል። ይህን እያደረጋችሁ ወደ ክሊኒክ ውሰዱት። እዚያ የሚሰጠውን የዚንክ እንክብልም ተቅማጡ ቢቆም እንኳ እስከ መጨረሻው ስጡት።

3. በሰው አገር ጎመን መትከል

በኤርምያስ 28 ላይ ሐናንያ የሚባል ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉ ነገር ይመለሳል ብሎ ለሕዝቡ ተናገረ። ሕዝቡም እንዲህ ያለውን ወሬ ይወዳል፤ እኛም እንወዳለን። ኤርምያስ ግን በባቢሎን ላሉት ምርኮኞች ደብዳቤ ላከ፤ ዘመኑ 70 ዓመት ነው አላቸው። እስከዚያው ምን ያድርጉ? ቤት ይሥሩ፣ አትክልት ይትከሉ፣ ፍሬውንም ይብሉ። የሚኖሩባትንም ከተማ ሰላም ይሹ፣ ይጸልዩላት። ምርኮኛው ባቢሎን የምትበቅለውን ጎመን መብላት ተስፋ መቁረጥ አልነበረም። እግዚአብሔር የተስፋውን ቃል እስኪፈጽም በሕይወት መቆየት ነበር።

ራሽን ሲቀነስ ጥፋቱ የእኛ አይደለም። «በደንብ ብሉ» ብለን የምንሰብከው ባዶ ድስት ለያዘች እናት ከሆነ ስብከታችን ስድብ ነው። ስለዚህ ባለው ነገር ላይ ብቻ እንነጋገር።

ጆንያ ላይ መትከል። ብዙ ጎረቤቶቻችን ይህን ያውቃሉ። ባዶ ጆንያ ውስጥ አፈርና የደረቀ ፍግ ይሞላል፤ ውኃ እንዲወርድ መሐሉ ላይ ከታች እስከ ላይ ጠጠር ይደረጋል። ከጎኑ ቀዳዳ ተበጅቶ የሱኩማ ችግኝ ይተከላል። አትክልት የታጠበበት ውኃ ይበቃዋል። ቅጠሉን ከታች ከታች እየቀነጠሱ ለብዙ ሳምንት ይበሉታል። ከአንድ ጆንያ ጠግቦ የሚያድር የለም፤ ግን ከደረቅ እህል ጋር ጥቂት አረንጓዴ ቅጠል ለልጅም ለእርጉዝም ትልቅ ነገር ነው።

ባቄላውን መዘፍዘፍ። ራሽን ላይ የሚሰጠንን ባቄላ ማታ ዘፍዝፈን ካደርን ጠዋት ውኃውን ደፍተን ብንቀቅለው ቶሎ ይበስላል። ማገዶ ይቆጥባል፣ ጭሱም ያጥራል። የማገዶ ጭስ የእናቶችንና በጀርባቸው ያዘሏቸውን ሕፃናት ሳንባ ይጎዳል፤ ስለዚህ በተቻለ መጠን ደጅ ወይም አየር በሚገባበት ቦታ እናብስል። ለቡና የተያያዘ ከሰል ደግሞ በተዘጋ ቤት ውስጥ አይደር፤ ሽታ የሌለው መርዝ ስላለው ሰው ተኝቶ ሊቀር ይችላል።

ሻይና ቡና። ይህችን ስናነብ ማጉረምረም እንዳይመጣ! ቡና ተዉ አንልም። ግን ሁለት ነገር እንወቅ። አንደኛ፣ ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ በባቄላና በጎመን ውስጥ ያለውን የደም ማነስ የሚከላከል ብረት ሰውነታችን እንዳይወስደው ያግዳሉ። ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ብናርቃቸው ያው ምግብ የበለጠ ይጠቅመናል፤ በተለይ እርጉዞችን። ሎሚ ብንጨምቅበት ደግሞ ብረቱ በደንብ ይገባል። ሁለተኛ፣ ስኳሩ። በአንድ ብርጭቆ ሻይ ሦስት ማንኪያ ስኳር አድርጎ በቀን አራት ብርጭቆ የሚጠጣ ሰው 12 ማንኪያ ስኳር ጠጣ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ለአዋቂ ከሁሉም ዓይነት ተደምሮ ወደ 6 የሻይ ማንኪያ ቢወርድ ነው። በአንድ ቀን አንቆርጠውም፤ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ብንቀንስ ምላስም ይለምዳል። ጨውም ቢሆን በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ባይበልጥ ይመረጣል፤ በኩብ የሚሸጠው የወጥ ማጣፈጫም ጨው እንዳለበት አንርሳ።

4. ኤልያስ በመጀመሪያ ተኛ

ኤልያስ ነፍሱን ለማዳን የሸሸ ሰው ነው። ወደ ምድረ በዳ ገብቶ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀመጠና መሞት ተመኘ። ብዙዎቻችን ይህን ቦታ እናውቀዋለን። አንዳንዶቻችን በዚህ ሳምንት እዚያው ነበርን።

እግዚአብሔር ምን አደረገ? አልገሠጸውም። «እምነትህ የት ሄደ?» አላለውም። ኤልያስ ተኛ። መልአክ ዳሰሰውና እንጎቻና ውኃ አሳየው። በላ፣ ጠጣ፣ እንደገናም ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ጊዜ ቀስቅሶ አበላው፤ መንገዱ ረጅም ነውና። ከዚያ በኋላ ነው እስከ ኮሬብ 40 ቀን የሄደውና የእግዚአብሔርን ድምፅ የሰማው። እንቅልፍ፣ እንጀራና ውኃ ከመንፈሳዊው ነገር ውጭ አልነበሩም፤ የመንገዱ መጀመሪያ ነበሩ።

እኛ ግን እንቅልፍን እንንቃለን። ሌሊት ስልክ ይዘን የአገር ቤት ወሬ እንከታተላለን፤ ጦርነት፣ ሞት፣ ስድብ። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስናይ አድረን ጠዋት ራሳችንን ያመናል፣ በልጆች ላይ እንጮኻለን። ወሬውን ሌሊት ማወቃችን ለወገናችን ምን ጨመረለት? አዋቂ ሰው በሌሊት ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ስልኩን ከመኝታ በፊት አጥፍተን ራቅ አድርገን እናስቀምጠው። ወሬው ጠዋት ይጠብቀናል። ጫት ደግሞ ቀን የተቃመ ሌሊቱን ይሰርቃል፤ ይህንን የሚታገል ወንድም ካለ እንዳይሸማቀቅ፣ መጥቶ ያናግረን፤ አብረን እንቆማለን።

በምንተኛበትም ጊዜ አጎበራችን ተዘርግቶ፣ ጫፉ ከፍራሽ ሥር ተከቶ ይሁን። ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ በብዛት የምትነክሰው በሌሊት ነው። ላጋው ከሞላና ዝናቡ ካቆመ በኋላ በየጉድጓዱ የሚቀረው ውኃ መራቢያዋ ነው። አጎበሩ ሲታጠብ በለሰለሰ ሳሙና ይታጠብ፤ ፀሐይ መድኃኒቱን ስለሚያዳክመው በጥላ ይሰጣ። ለዶሮ አጥር የምናደርገውንም አንሥተን ልጆቹ ላይ እንዘርጋው። ትኩሳት ከመጣ ቀን አንቁጠር፤ በዚያው ቀን እንመርመር። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል።

ሐዘኑ ወይም ፍርሃቱ ለሳምንታት ካልለቀቀን፣ እንቅልፍና ምግብ ካስጠላን፣ መሞት ካሰኘን ብቻችንን አንሸከመው። ኤልያስን መልአክ ዳሰሰው፤ እኛን የሚዳስሰን ወንድም፣ እህት ወይም በክሊኒክ ያለ የምክር አገልግሎት ሰጪ ሊሆን ይችላል። ለዚያ እርዳታ መሄድ የእምነት ማነስ አይደለም።

5. ሰባተኛው ጊዜ

ንዕማን የታዘዘው ሰባት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው አንድም ለውጥ አይቶ እንደሆነ መጽሐፉ አይነግረንም። ነጻ የሚለን ሰባቱ ካለቁ በኋላ ነው። በሦስተኛው «ይህ ነገር አይሠራም» ብሎ ቢወጣ ኖሮስ?

ከመካከላችን አንድ ወንድም ደም ግፊት እንዳለበት ተነግሮት ክኒን ተሰጠው። ለአንድ ወር ወሰደ። ራስ ምታት የለም፣ ድካም የለም። «ድኛለሁ» ብሎ ተወው። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት ተሸክመን ወሰድነው። ዛሬ በጌታ ቸርነት በምርኩዝ ይሄዳል፤ ይህንን እንድንጽፍም የጠየቀን እርሱ ራሱ ነው። ደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። ደኅና የሆነ የሚመስለን ክኒኑ እየሠራ ስለሆነ ነው። ስለዚህ የግፊት፣ የስኳር፣ የቲቢም ሆነ ሌላ መድኃኒት የያዛችሁ፣ ሐኪሙ ሳያዝ አታቋርጡ። ስለ እናንተ እንጸልያለን፤ እናንተም ክኒናችሁን ዋጡ። ጸሎቱና ክኒኑ አይጣሉም።

እግር ያላችሁ ደግሞ ተራመዱ። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ለልብ፣ ለግፊት፣ ለስኳርና ለጭንቀት ይረዳል። በአምስት ቀን ሲካፈል በቀን 30 ደቂቃ ነው። ጂም አያስፈልግም። በቦዳ ወደ ጸሎት የምንመጣ ሰዎች ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ በእግር ብንመጣ ብሩም ይተርፋል፣ ሁለት ሁለት ሆነን ብንሄድ ደግሞ መንገዱ ጭውውት ይሆናል። በዚህ ሙቀት ውኃ እንጠጣ፤ ሽንታችን ጠቆር ካለ ውኃ አንሶናል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ብናደርግም እንታመም ይሆናል። የታመመ ሰው ሁሉ ሳይጠነቀቅ ቀርቶ ነው ብላችሁ እንዳትፈርዱ። የሚከተሉትን ስታዩ ግን ቤት ውስጥ አትቆዩ፤ ልጅ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከደነዘዘ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሰገራው ደም ካለበት ሌሊትም ቢሆን ውሰዱት። ብቻችሁን መሄድ ከፈራችሁ ጎረቤት ቀስቅሱ።

የሳምንቱ ልምምድ

ሁሉን በአንድ ቀን አንጀምር፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። እያንዳንዱ ቤት ከላይ ካሉት አንዱን ብቻ ይምረጥና ሰባት ቀን ያድርገው። ጀሪካን ማጠብ ሊሆን ይችላል፤ ስልክ በጊዜ ማጥፋት ሊሆን ይችላል፤ ከሻይ ግማሽ ማንኪያ መቀነስም ይሆናል። በሚቀጥለው እሑድ ማን ምን እንዳደረገ እንነጋገራለን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ንዕማንን ያስቆጣው ምን ነበር? እኛስ ቀላል ስለሆነ የናቅነው ምክር የትኛው ነው?
2. «ፕሮሰሴ ሲያልቅ» ብለን ያቆየነው ነገር ምንድን ነው? ዛሬ ሊጀመር ይችላል?
3. የተማረከችው ልጅና የንዕማን አገልጋዮች ትንሽ ሰዎች ነበሩ። በቤታችን ስለ ጤና የሚነግረን፣ እኛ ግን የማንሰማው ማን ነው?
4. በብሎካችን ጀሪካን ማንሣት ወይም መድኃኒት ማምጣት የማይችሉ አረጋውያንና ሕመምተኞች እነማን ናቸው? ማን ይሄድላቸዋል?

ጸሎት

አባት ሆይ፣ በሰፈራችን መካከል ስለምትመላለስ እናመሰግንሃለን። ይህን ሰውነት የሰጠኸን አንተ ነህ፤ እዚህም አቧራ ውስጥ የአንተ ነው። ትንሹን ነገር ከመናቅ አድነን። የታመሙትን ዳስስ፣ የደከሙትን አሳርፍ፣ የተራቡትን አብላ፤ እኛንም ለጎረቤታችን እንጎቻና ውኃ ይዘን የምንሄድ አድርገን። መንገዱ ረጅም ነውና ኃይል ስጠን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።